ጎምዛዛ ፕሪም፣ ዶሮ እና እማዬ የተናገረችው ነገር

ሰላም፣ ሰላም። እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ስለ አዲሱ ሥራ ላወራ ነበር፤ ባለፈው ቃል ገብቼላችኋለሁ፣ አውቃለሁ። ግን ከዓርብ ጀምሮ አንድ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል። እሱን ሳላወራ ሌላ ወሬ አይሆንልኝም። ስለዚህ ዛሬ ወሬያችን ዶሮ ነው። አዎ፣ ዶሮ።

ቤቢያን ታውቋቸዋላችሁ። አራተኛ ፎቅ ያሉት ግሩዚኗ፣ ከጆርጂያ የመጡት፣ ሊፍቱ ሲበላሽ ወንበራቸውን ደረጃው ላይ አውጥተው የሚቀመጡት። ሊፍቱ አሁንም እንደዛው ነው፣ ስትጠይቁኝ ስለነበር ነው። እና ቤቢያ ሐሙስ ማታ አንድ ፌስታል ሙሉ አረንጓዴ ፕሪም ይዘው መጡ። ያ ትንሹ፣ ጠንካራው፣ ሹክ፣ ማለትም ገበያ ላይ፣ ጃነሪክ የሚሉት። ሲነከስ ጥርስ የሚያጠርስ። "ነይ፣ ትኬማሊ እናበስላለን" አሉኝ። ልብሴን እንኳን አልቀየርኩም፣ ተከትያቸው ወጣሁ።

ትኬማሊ ስልስ በሉት፣ ማባያ በሉት። ጆርጂያ ውስጥ የሌለበት ቤት የለም። ማርማላታ እንዳይመስላችሁ። ስኳር የለውም። ፕሪሙ በትንሽ ውሃ ይቀቀላል፣ ልጣጩ እስኪፈነዳ። ከዛ በወንፊት ይታሻል፤ ፍሬውና ልጣጩ እላይ ይቀራል፣ ወፍራሙ ጭማቂ ይወርዳል። እሱ ተመልሶ እሳት ላይ ይወጣል። ነጭ ሽንኩርት ከጨው ጋር ተወቅጦ፣ የተፈጨ ድንብላል፣ የድንብላል ቅጠል፣ ሻሚር የሚሉት ቅጠል፣ ትንሽ ቃሪያ። እና ኦምባሎ። ኦምባሎ የናና ዘመድ ነው፤ ቤቢያ ያለሱ አይሠሩም፣ ፕሪሙ እንዳይቦካ የሚጠብቀው እሱ ነው ይላሉ። እዚህ እስራኤል፣ አሽዶድ ከተማ በቀላሉ ስለማይገኝ ደረቁን ሰው ነው የሚያመጣላቸው፤ በጨርቅ ቋጥረው ሻይ ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀምጡታል። ያን ቋጠሮ ሲፈቱት ማየት አለባችሁ። በሁለት ጣት ቆንጠር አድርገው መዳፋቸው ላይ ያሹታል፣ ያሸቱታል፣ ከዛ ነው የሚነሰንሱት። መዳፋቸውን አፍንጫዬ ስር አመጡልኝና "ይሄ ቤቴ ነው" አሉኝ። እኔ ምን ልበል፣ አሸተትኩ።

የእሳቸው ትውልድ ታሪክ ራሱ ሌላ ክፍል ያስፈልገዋል። በፈረንጆች 1969 ጆርጂያ ውስጥ 18 የአይሁድ ቤተሰቦች፣ ወደ እስራኤል እንሂድ፣ ልቀቁን ብለው ለተባበሩት መንግሥታት ደብዳቤ ጻፉ። በሶቪየት ዘመን! ስማቸውን ፈርመው! ከዛ በኋላ ነው በ1970ዎቹ በብዛት የመጡት። ቤቢያ ይሄን ሲያወሩ ማማሰያውን ያቆማሉ። ወጡ እያረረም ቢሆን ያቆማሉ። እኔ ደግሞ ቀስ ብዬ እሳቱን እቀንሳለሁ።

እሺ፣ ወደ ዶሮው።

ዓርብ ዕለት ዶሮዋን በታባካ፣ በጆርጂያዎቹ አጠባበስ ነው የሠራኋት። ሙሉ ዶሮ፣ ትንሽዬ፣ ደረቷ ላይ ተሰንጥቃ እንደ መጽሐፍ ትዘረጋለች። ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት። ከዛ መጥበሻ ላይ፣ ከላይ ክዳን፣ ከክዳኑ በላይ ከባድ ነገር። ክብደቱ ነው ቆዳዋን ከብረቱ ጋር አጣብቆ ጥርት አድርጎ የሚጠብሳት። ቤቢያ ለዚህ አንድ የወንዝ ድንጋይ አላቸው። እኔ ድንጋይ የለኝም። የእማዬ ሙቀጫ ነበር፣ የብረቱ፣ እሱን ጫንኩበት።

እማዬ በዛው ቅጽበት ገባች። ለሰንበት እኛ ጋ ልታድር ነው የመጣችው። ነጠላዋን ሳታወልቅ ማድ ቤት በር ላይ ቆማ "ሙቀጫዬን ዶሮ ላይ?" አለች። ሳቅኩ። እሷም ሳቀች። ሙቀጫው ከጎንደር የመጣ ቅርስ አይደለም፣ እዚሁ ሹክ የገዛችው ነው። በፈረንጆች 1991 በዘመቻ ሰሎሞን፣ በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላዊ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ሲጓጓዝ፣ ማን ሙቀጫ ይሸከማል? ልጅ ነው የተሸከሙት። ግን ይኸው ስንት ዘመን ድንብላልና ኮረሪማ ሲወቀጥበት ኖሮ፣ አሁን የሷ ነው፣ በቃ።

ከዛ ጠርሙሱን ከፍታ አሸተተች። "ኮሰረት አለበት?" አለችኝ። የለበትም፣ ግን ለምን እንዳለች ገባኝ። አንድ ጥሬ ፕሪም ቀርቶ ነበር፣ እሱን ነከሰች። ፊቷ ጭምድድ አለ። "እንኮይ!" አለች። "እንኮይ እንኮይ ይላል።" ልጅ ሆና ከብት ስትጠብቅ ከጫካ ለቅመው የሚበሉት፣ ጎምዛዛው። ከዛ ስለ እንኮይ፣ ስለ አጋም፣ ስለ ዶቅማ ስታወራ ሻማ ልናበራ ደረስን። እንዲህ ደስ ብሏት ካየኋት ቆይቷል። ጉልበቷንም ረስታዋለች።

እና ማዕድ ላይ ቀረብን። ዶሮዋ ትኩስ ናት፣ ትኬማሊው ቀዝቃዛ፣ እንደዛ ነው የሚበላው። ጎን ለጎን እንጀራም አለ፣ እማዬ ያለ እንጀራ አትቀመጥም። ወንድሜና ልጆቹ ወሬ ላይ ናቸው፣ ትንሹ ጠረጴዛ ስር ገብቷል። እኔ እማዬን ነው የማየው። እንጀራ ቆረሰች፣ የዶሮዋን ጭን ፈለቀቀች፣ ስልሱ ላይ ጠቀስ አደረገች። በላች። ዝም። ሁለተኛ ጉርሻ። ሦስተኛው ላይ ስጋውን ተወችውና ስልሱን ብቻ በእንጀራ ጠረገችው፣ ሳህኑ እስኪነጣ። እኔ ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ነው። ከዛ እጇን ጭኗ ላይ አደረገች፣ ወደኔ ሳታይ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦

"የኔን ዶሮ እንግዲህ ማን ይሠራታል?"

ከኔ በቀር ማንም አልሰማትም። ከዛ ወዲያው ዞር ብላ ልጁን "ከጠረጴዛው ስር ውጣ አንተ" አለችው። አለቀ። ሌላ ምንም የለም።

እና ይሄው፣ ስንት ቀን እሷኑ አመላልሳለሁ። ምን ማለቷ ነው? አሞገሰችኝ? ጣፍጧት ሳለ ከፍቷት ነው? ወይስ ከራሷ ጋር ነው የምታወራው? ፊቷን ለማስታወስ እሞክራለሁ፣ አልተቆጣችም። አላዘነችም ልል ነበር፣ እሱን ግን እርግጠኛ አይደለሁም። "ጥሩ ነው" ብላ ብታልፍ ኖሮ ይሄኔ ስለ ሥራዬ እያወራሁላችሁ ነበር።

እኔ እኮ ጠይቄያታለሁ። ብዙ ጊዜ። ሽንኩርቱ ስንት ኪሎ፣ በርበሬው መቼ ይገባል፣ ለምን ያህል ሰዓት ይቁላላ። "ዓይንሽን ከፍተሽ ተመልከች" ነው መልሷ። ተመልክቻለሁም። ዶሮዋን በሎሚና በጨው አሥር ጊዜ ስታጥብ፣ ውሃው ኩልል እስኪል። 12ቱን ብልት ስታወጣ ቢላዋ መገጣጠሚያውን ራሱ የሚያውቀው ይመስላል፣ አጥንት አይሰበርም። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ሲበስል፣ ሊይዝ ሲል ጠብታ ውሃ፣ እንደገና፣ እንደገና። ቅቤ የለም፣ ወተትና ስጋ አይገናኝም፣ እዚህ በዘይት ነው፤ እና በዘይትም ያን ጣዕም ታመጣዋለች። ይሄን ሁሉ አይቻለሁ። ግን ማየትና እጅ አንድ አይደሉም። ቤቢያ ማማሰያውን እጄ ላይ ያስይዙኛል። ቅመሺ፣ ጨምሪ፣ አይ አሁን አይደለም፣ ይላሉ። እማዬ ማማሰያውን ለማንም አትሰጥም።

ይሄን ስላት ደግሞ... ኧረ አልነገርኳትም፣ ለናንተ ነው የምነግራችሁ። ትንሽ ያናድደኛል፣ እውነቱን ለመናገር። አስተምሪኝ ስልሽ ሳታስተምሪኝ፣ ከሌላ ሰው ስማር ማን ይሠራታል ትይኛለሽ? እንዴ! ግን ደግሞ ቆይ። አምና ክረምት ላይ አንጓዋን ካመማት ወዲህ ሽንኩርት የምትከትፈው እያረፈች ነው። አንድ ከትፋ ቢላዋውን ታስቀምጣለች፣ እጇን ታሻሻለች። ለበዓልም ዶሮው ያነሰ መሰለኝ፣ ቁጥሩን አላየሁም፣ ግን ድስቱ ትንሹ ነበር። ምናልባት እሱን ነው ያለችኝ? አላውቅም። ይሄን ሳስብ ንዴቱ ይጠፋና ሌላ ነገር ይመጣል፣ እሱን ደግሞ ዛሬ አልነካውም።

አንዳንዶቻችሁ ዶሮና ፍራፍሬ ምን አገናኘው ብላችሁ እንደምትጽፉልኝ አውቃለሁ። ሎሚስ? ያለ ሎሚ ዶሮ ያጠበ ማን አለ? ደግሞ የዶሮ ቅባት ጎምዛዛ ነገር ይወዳል። ትኬማሊው ቅባቱን ቆርጦ አፍ ያጸዳል፣ እና እንደገና ያስበላል። ሞክሩት። አረንጓዴው ፕሪም ካመለጣችሁ በጋው ሲገፋ ቀዩ ይመጣል፣ በሱም ይሠራል፣ ጉምዛዜው ትንሽ ለዘብ ይላል። ኦምባሎ ከሌለ ደረቅ ናና። ቤቢያ ይሄን እንዳይሰሙ ብቻ።

እና ትናንት ወንድሜ ደወለ። "እማዬ ከዛ ጎምዛዛው አንድ ጠርሙስ ላኪልኝ ብላለች" አለኝ። ለምን በሱ በኩል? ከኔ ጋር እኮ ጠዋት ተደዋውለናል፣ ግማሽ ሰዓት አውርተናል፣ ምንም አላለችም። ጠርሙሱን ይዤ ልሄድ ነው፣ ሽንኩርትም ገዝቻለሁ፣ ሦስት ኪሎ፣ እዛው ቁጭ ብዬ ልክተፍላት ብዬ። ትፈቅዳለች? ማማሰያውንስ? ልጠይቃት አስቤ ነበር፣ ስለዛች ስላለቻት ነገር፣ ግን ስደውል ስለ ጎረቤቷ ልጅ ሰርግ ጀመረች፣ አዳራሹ፣ ሙዚቃው፣ ማን መጣ ማን ቀረ፣ እና በመሃል መግቢያ አጣሁ፣ እና...

እስቲ እዚህ ላይ ላቁም። ቤቢያ በር እያንኳኩ ነው መሰለኝ።