ኦአርኤም የሚልከውን ኩዌሪ እንየው

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ርዕሱን አይታችሁ «ይሄ ሰውዬ ኦአርኤምን ሊያወግዝ ነው» ያላችሁ ሳትኖሩ አትቀሩም። አይደለም። ኦአርኤም ማለት ኮዳችንን ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኝ፣ ኩዌሪውን ማለትም ለዳታቤዙ የሚላከውን ጥያቄ በእኛ ፈንታ የሚጽፍ መሣሪያ ነው፤ እኔም በየቀኑ እጠቀምበታለሁ። የምለው አንድ ነገር ነው። ኦአርኤም ዳታቤዝ ከሚጠየቅበት ቋንቋ፣ ከኤስኪውኤል፣ ማምለጫ አይደለም። ኤስኪውኤል የሚችል ሰው ድካም እንዲቀንስለት የተሠራ መሣሪያ ነው። ልዩነቱ ተራ ይመስላል። ሲስተሙ ተጠቃሚ ሲበዛበት ግን ፈጦ ይወጣል።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። እ.ኤ.አ. በ1970 የአይቢኤም ተመራማሪ የነበረው ኤድጋር ኮድ ዳታን በግንኙነት፣ ማለትም ረድፍና ዓምድ ባላቸው ሠንጠረዦች፣ ስለማደራጀት ጽሑፍ አወጣ። ፕሮግራመሩ ዳታው ዲስክ ላይ የት እንዳለ ማወቅ የለበትም። የሚፈልገውን ይናገር፤ እንዴት እንደሚገኝ ዳታቤዙ ይጨነቅበት። ኤስኪውኤል የመጣው ከዚህ ሐሳብ ነው። በኦብጀክት፣ ማለትም ዳታንና በዳታው የሚሠራውን ሥራ አንድ ላይ በያዘ የኮድ ክፍል፣ የሚሠሩ ቋንቋዎች ጠባያቸው ሌላ ነው። እዚያ አንዱን ኦብጀክት ይዘን፣ ነጥብ እያደረግን ወደ ሌላው እንሻገራለን። ባጭሩ ዳታቤዝ ጅምላ ይወዳል፤ ኮዳችን ግን ችርቻሮ ለምዷል። እነዚህን ሁለቱን ለማስታረቅ ነው ሃይበርኔት የተባለው ኦአርኤም እ.ኤ.አ. በ2001 ለጃቫ፣ በኋላም ጃንጎና ኤስኪውኤል አልኬሚ ለፓይተን የመጡት።

ማስታረቁ ተሳክቷል ወይ? ባብዛኛው አዎ። ረድፍ አንብቦ ወደ ኦብጀክት መገልበጥ፣ ኦብጀክቱን መልሶ መጻፍ፣ ያ ሁሉ አሰልቺ ኮድ ቀርቶልናል። ተጠቃሚ የጻፈውን ጽሑፍ ከኩዌሪው ለይቶ ስለሚልክም ከኤስኪውኤል ኢንጀክሽን፣ ማለትም አጥቂ በጽሑፍ ውስጥ የኤስኪውኤል ትእዛዝ ደብቆ ከሚያስገባበት ጥቃት፣ ይጠብቀናል። እርግጥ «ይሄን ኩዌሪ በእጄ ልጻፈው» ብላችሁ ተጠቃሚው ያስገባውን ቃል በመደመር ምልክት ከቀጠላችሁበት፣ ጥበቃው የለም።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ ልግባ። አንድ ገጽ ላይ 50 መጻሕፍት ከነደራሲያቸው ማሳየት ፈለጋችሁ እንበል። መጻሕፍቱን ታመጣላችሁ። ከዚያ በሉፕ እየዞራችሁ የእያንዳንዱን ደራሲ ስም ትጽፋላችሁ። ኮዱ ሦስት መስመር ነው፤ ሲያዩት ደስ ይላል። ከጀርባው ግን ኦአርኤሙ ለመጻሕፍቱ 1 ኩዌሪ ይልካል። ደራሲውን የሚያመጣው ስትጠይቁት ብቻ ስለሆነ፣ ለ50ዎቹ መጻሕፍት ደግሞ 50 ኩዌሪ ይጨምራል። ድምር 51። ይህ ነው ኤን ፕላስ ዋን የሚባለው።

ክፋቱ ምንም ስህተት አለማሳየቱ ነው። መልሱ ትክክል ነው፤ ቴስቱም ያልፋል። ላፕቶፓችሁ ላይ 5 መጽሐፍ ብቻ ስላለና ዳታቤዙም እዚያው ስለሆነ ማንም አይጠረጥርም። ዳታቤዙ ሌላ ሰርቨር ላይ ሲሆንና አንዱ ምልልስ 2 ሚሊሰከንድ ሲፈጅ፣ 1,000 መጽሐፍ ያለበት ገጽ በመጠበቅ ብቻ 2 ሰከንድ ይበላል። ያኔ «ዳታቤዙ ቀርፋፋ ነው» ይባላል። ምስኪኑ ዳታቤዝ እኮ እያንዳንዷን ጥያቄ በፍጥነት ነው የመለሰው!

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ጃንጎ ላይ ሰሌክት ሪሌትድ ካላችሁ መጽሐፉንና ደራሲውን፣ ሠንጠረዦችን በሚያጣምረው ጆይን፣ በአንድ ኩዌሪ ያመጣል። ፕሪፌች ሪሌትድ ካላችሁ ደግሞ በሁለት ኩዌሪ ይጨርሰዋል። ሌሎቹም ኦአርኤሞች ተመሳሳይ መንገድ አላቸው። ግን መድኃኒቱም ሲበዛ ይመርዛል። አንድ ደራሲ 20 መጻሕፍትና 30 ሽልማቶች ቢኖሩትና ሁለቱንም በአንድ ጆይን ብታመጡ፣ የሚመለሰው 50 ረድፍ አይደለም፤ 600 ነው። ብዙ ሆኖ የሚመጣ ነገር ሲሆን ለየብቻ ማምጣት ይሻላል።

ሌላው ጣጣ ጸጥ ብሎ ዳታ የሚያጠፋ ነው፤ እኔ ከቀርፋፋ ገጽ ይልቅ ይሄ ያስፈራኛል። የዕቃ ብዛት 10 ነው። ሁለት ሰዎች እኩል ገዙ። ሁለቱም ሂደቶች 10 አነበቡ፣ አንድ ቀነሱ፣ 9 ብለው ሴቭ አደረጉ። መሆን የነበረበት 8 ነው። ትራንዛክሽን፣ ማለትም ሁሉም አብሮ የሚፈጸም ወይም አብሮ የሚሰረዝ የሥራ ጥቅል፣ ውስጥ አስገብቼዋለሁ ብላችሁ አትተማመኑ፤ በብዙ ዳታቤዞች መደበኛ አሠራር ትራንዛክሽን ብቻውን ይህን አያስቆምም። ቅነሳውን ዳታቤዙ ራሱ ይሥራው፤ ጃንጎ ላይ ኤፍ የሚባለው ለዚህ ነው። ወይም ረድፉን ቆልፉ። ወይም የቨርዥን ቁጥር ዓምድ ጨምሩ፤ ሃይበርኔት ይህን ራሱ ይከታተልላችኋል። ጃንጎ ካልነገራችሁት በቀር ሴቭ ሲያደርግ ሁሉንም ዓምዶች እንደሚጽፍም አትርሱ። እኔ ስልክ ቁጥሩን ብቻ ስቀይር፣ እናንተ ከደቂቃ በፊት ያስተካከላችሁትን አድራሻ በአሮጌው ልሽረው እችላለሁ።

ማይግሬሽንን፣ ማለትም የሠንጠረዦቹን ቅርጽ መቀየርን፣ በአጭሩ ልለፈው። መሣሪያው በራሱ የጻፈውን ፋይል ሳታነቡ አታስኪዱ። የኤስኪውኤል አልኬሚ የማይግሬሽን መሣሪያ አሌምቢክ ለምሳሌ የዓምድ ስም ስትቀይሩ አሮጌውን ሰርዞ አዲስ እንደመጨመር ነው የሚያየው። ስሙ ይቀየራል፤ ዳታው ግን አብሮ ይጠፋል።

ታዲያ ምን እናድርግ? መጀመሪያ ኩዌሪዎቹን ማየት። ኤስኪውኤል አልኬሚ ላይ ኢኮ የሚባለውን ማብራት ይበቃል፤ የሚላከውን ሁሉ ይጽፍላችኋል። ቀጥሎ ቴስት ውስጥ የኩዌሪ ብዛት መገደብ። ጃንጎ ለዚህ የተዘጋጀ ነገር አለው። ነገ አንዱ ባልደረባችሁ ሉፕ ውስጥ አንድ ነጥብ ሲጨምር ቴስቱ ይወድቃል፤ ተጠቃሚ ሳያማርር ታውቃላችሁ። የዘገየውን ኩዌሪ ደግሞ፣ ዳታቤዙ እንዴት እንደሚፈልግ በሚያሳየው በኤክስፕሌይን ትእዛዝ መርምሩት። ብዙ ጊዜ የጎደለው ፍለጋን የሚያፋጥን አንድ ኢንዴክስ ነው።

ለከባድ ሪፖርት፣ ብዙ ድምርና ማነጻጸሪያ ላለበት ሥራ፣ እኔ በቀጥታ ኤስኪውኤል እጽፋለሁ። ኦአርኤሙን አጣምሜ 40 መስመር ከማስኬድ 12 መስመር ግልጽ ኩዌሪ ይሻለኛል። ኦአርኤሞቹም ራሳቸው ይህን በር ክፍት ትተውታል።

አሁን ኩዌሪዎቹ የሚመዘገቡበትን ሎግ ከፍቼ የመጻሕፍቱን ምሳሌ እዚህ ስክሪን ላይ አስኬደዋለሁ። እስኪነሳ ድረስ ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።