218 ነጥብ አግኝቶ መሸነፍ፦ በሜዳ ቴኒስ ጫፍ ላይ የሚሰጥ ውሳኔ

ሄለን፦ ጤና ይስጥልን፣ ውድ አድማጮቻችን። ዛሬ የምንወያየው የሜዳ ቴኒስ ግጥሚያ ጫፍ ሲደርስ ተጫዋቹ ስለሚሰጠው ውሳኔ ነው። መነሻችን እ.ኤ.አ. በ2019 የተካሄደው የዊምብልደን የወንዶች ፍጻሜ ይሁን። በዚያ ግጥሚያ ሮጀር ፌደረር 218 ነጥብ ሲያስቆጥር ኖቫክ ጆኮቪች ያገኘው 204 ነበር፤ ዋንጫውን ያነሣው ግን ጆኮቪች ነው።

ዮናስ፦ ቴኒስ ነጥብ በመደመር የሚያልቅ ጨዋታ ስላልሆነ ነው። ፌደረር ሁለተኛውን ዙር 6 ለ1 ቢያሸንፍም፣ በታይብሬክ፣ ማለትም ዙሩ እኩል ሲሆን በሚደረገው መለያ ጨዋታ፣ ከጠፋበት ዙር የበለጠ ዋጋ አልተሰጠውም። ጆኮቪች ሦስቱንም ታይብሬኮች ወሰደ፤ በእነዚያ ታይብሬኮች ውስጥም ተጋጣሚው ሳያስገድደው የሠራው ስህተት አንድም አልተመዘገበበትም።

ሄለን፦ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ግን በአምስተኛው ዙር ፌደረር 8 ለ7 እየመራ፣ በራሱ ሰርቭ (ኳሱን መትቶ በሚያስጀምርበት ተራ) 40 ለ15 የደረሰበትን፣ ማለትም አንድ ነጥብ ብቻ ቀርቶት ሁለት ዕድል የያዘበትን ጊዜ ነው። በመጀመሪያው የዋንጫ ነጥብ ፎርሃንዱ፣ ራኬት በያዘበት እጅ በኩል የመታው ምት፣ ከሜዳ ወጣበት፤ በሁለተኛው ወደ መረቡ ሲጠጋ ጆኮቪች በሰያፍ ፎርሃንድ አለፈው። ምነው ኋላ በቀረ፣ እላለሁ ሁልጊዜ።

ዮናስ፦ በዚህስ አልስማማም። የተጠጋበት ምት ጥራት ሊያከራክረን ይችላል እንጂ፣ 37 ዓመት የሞላው፣ በሣር ሜዳ ላይ ነጥብን አሳጥሮ መጨረስን የተካነ ተጫዋች ከጆኮቪች ጋር ረጅም ምልልስ ባይመርጥ ጥፋተኛ አይባልም። ውሳኔ የሚመዘነው ሲወሰን በነበረው ሁኔታ ነው፤ ኳሱ ከወደቀ በኋላማ ሁሉም ሰው አሠልጣኝ ይሆናል።

ሄለን፦ እሺ፣ ይህን ልቀበልህ። ታዲያ ያን ያህል ልምድ የሌለው ተወዳዳሪ በ30 ለ40 ላይ፣ አንድ ነጥብ ካጣ ጨዋታውን በሚነጠቅበት ጊዜ፣ የመጀመሪያው ሰርቭ ስቶት ሁለተኛውንና የመጨረሻውን ሊመታ ሲቆም ምን ያድርግ? ከመቀመጫው የሚሰማው «አይዞህ» ብቻ ነው።

ዮናስ፦ «አይዞህ» ማበረታቻ ነው፣ ምክር ግን አይደለም። በሁለት ነጥቦች መካከል 25 ሰከንድ ይፈቀዳል፤ ውሳኔው ማለቅ ያለበት እዚያ ውስጥ ነው። ፎጣውን ያንሣ፣ የራኬቱን ጅማት ያስተካክል፣ ከዚያም ሁለት ነገር ብቻ ይወስን፦ ሰርቩ ወዴት እንደሚሄድ፣ ኳሷ ስትመለስ ደግሞ የመጀመሪያ ምቱ ወዴት እንደሚሆን። የተጨነቀ ሰው የሚሳሳተው አብዛኛውን ጊዜ ኳሷ አየር ላይ ሳለች ሐሳቡን ሲቀይር ነው፤ ክንዱ አንዱን ሲጀምር ዓይኑ ወደ ሌላው ይሄዳል።

ሄለን፦ የመጀመሪያው ምት ወዴት ቢሆን ይሻላል?

ዮናስ፦ ግልጽ ክፍተት ካልታየ በሰያፍ። መረቡ መካከል ላይ ቁመቱ 91.4 ሴንቲሜትር ሲሆን ምሰሶዎቹ ጋ 1.07 ሜትር ይደርሳል፤ የሜዳው ርዝመት ደግሞ 23.77 ሜትር ሲሆን የነጠላ ሜዳው ሰያፍ ከ25 ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ በሰያፍ የሚመታ ሰው ዝቅ ባለው መረብ ላይ አሳልፎ ረዘም ወዳለው ቦታ ይልካል። በሰያፍ የመጣችን ኳስ በጎን መስመሩ አቅጣጫ መለወጥ ግን ከፍ ያለውን መረብና አጭሩን ሜዳ በአንድ ጊዜ መጋፈጥ ነው። ጭንቀት ደግሞ ሰውን የሚገፋው፣ የሚገርመው፣ ወደዚያው ነው፤ ቶሎ እንዲገላገል።

ሄለን፦ ተጋጣሚው ይህን ካወቀ ግን ቀድሞ ይጠብቀዋል።

ዮናስ፦ ይጠብቀዋል፤ ቢሆንም ከሮጠ በኋላ ጥሩ ምት መምታት ይኖርበታል። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይመታ አላልኩም፤ መስመሩን ሊሞክር ከፈለገ ኳሷ አጭር ስትሆንና እሱም ተደላድሎ ሲቆም ይሞክር። ሰርቭ ላይ ደግሞ ጠርዝ ከመፈለግ ወደ ተቀባዩ ሰውነት መምታት ብዙ ጊዜ ይበጃል፤ ሁለተኛው ሰርቭ ቢወላገድ እንኳ ሰርቭ ማረፍ ባለበት ሳጥን ውስጥ የመግባት ዕድል አለው፣ ተቀባዩም ክንዱን ለመዘርጋት ቦታ ያጣል።