እቺን መስመር አጥፉልኝ!

ብሩክ፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ሀሪኬን የሚባለውን ኃይለኛ የነፋስ ማዕበል መከታተያ አፖች ላይ ስለመጡ አዳዲስ ነገሮች ነው የምናወራው። ሳሮን ሶስት ገጽ ማስታወሻ ይዛ መጥታለች።

ሳሮን፦ ሁለት ተኩል። ግን መጀመሪያ የአክስቴን ልጅ ጉድ ልንገራቸው።

ብሩክ፦ ጀመረች! ገና ሰላምታ ላይ ነን እኮ።

ሳሮን፦ እሱን ካልሰሙ ቀሪው አይገባቸውም። የአክስቴ ልጅ ፍሎሪዳ ነው፣ ታምፓ። ሴፕቴምበር 2022 ሀሪኬን ኢያን ወደ ኩባ ሲጠጋ እኔ ስልኬ ላይ አፍጥጫለሁ። ያ ኮን አለ አይደል? ትንበያው ካርታ ላይ የማዕበሉን መንገድ የሚያሳየው፣ እየሰፋ የሚሄደው ቅርጽ። መሃሉ ላይ አንዲት ቀጭን ጥቁር መስመር ነበረች። ሰኞ ዕለት መስመሯ ወደ ታምፓ ነው የምታመለክተው።

ብሩክ፦ ደወልሽ።

ሳሮን፦ በሌሊት! «ተነስና ውጣ» አልኩት። «ወዴት?» አለኝ። ካርታውን ሳይ ከመስመሯ ራቅ ብሎ፣ ወደ ደቡብ፣ ፎርት ማየርስ አለ። እዛ ጓደኛ አለው። «እሱ ጋ ሂድ» አልኩት።

ብሩክ፦ ወይኔ።

ሳሮን፦ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቶ ሄደ፣ እኔን አምኖ። ረቡዕ ኢያን የት ገባ? ካዮ ኮስታ የምትባል ደሴት። ፎርት ማየርስ አፍንጫ ስር! ነፋሱ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር።

ብሩክ፦ ታምፓስ?

ሳሮን፦ ታምፓማ ባህሩ ራሱ ሸሸ! ነፋሱ ውሃውን ወደ ውጭ ገፍቶት ሰው የባህረ ሰላጤው ወለል ላይ ሲራመድ ነበር። የኔው ሰውዬ ግን የጓደኛው ፎቅ ላይ ወጥቶ ቪዲዮ ይልክልኛል። ውሃው ደረጃውን እየወጣ ነው። ሶስተኛው ደረጃ ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ አንድ እግር ነጠላ ጫማ ይንሳፈፋል። ድምፅ የለም፣ እሱም አይናገርም። ጫማውን ብቻ ነው የሚቀርጸው።

ብሩክ፦ እሺ፣ አሁን ስልኩ ላይ በምን ስም ነው የመዘገበሽ? ንገሪያቸው።

ሳሮን፦ «ከድጡ ወደ ማጡ»።

ብሩክ፦ (ሳቅ) በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ እኔም እንደዛ ነው የምጠራሽ።

ሳሮን፦ ሳቅ፣ ሳቅ። ጥፋቱ ግን የኔ ነው፣ መስመሯን ብቻ ነው ያየሁት። ፎርት ማየርስ ኮኑ ጠርዝ አካባቢ ነበረች። ኮን ማለት የማዕበሉ መሃል የት የት ሊያልፍ ይችላል ነው እንጂ ጉዳቱ የት ይደርሳል አይደለም። እሱም ቢሆን ከሶስት ጊዜ ሁለቱን ነው የሚይዘው። አንዱን ጊዜ መሃሉ ከኮኑ ይወጣል።

ብሩክ፦ ሶፍትዌሩስ? አዳዲስ ነገሮች ብለን ነበር የጀመርነው።

ሳሮን፦ እየመጣሁ ነው! ለኔ ትልቁ ነገር መስመሯን ማጥፋት መቻሉ ነው። ማያሚ ያለው የአሜሪካ ብሔራዊ የሀሪኬን ማዕከል ኮኑን ከነመስመሯም፣ ያለ መስመርም ያቀርባል። እኔ አሁን የማየው ያለሷ ነው።

ብሩክ፦ እሱ ደግሞ አዲስ ነው እንዴ? ድሮም ነበር።

ሳሮን፦ ለኔ አዲስ ነው።

ብሩክ፦ እኔ ግን መስመሯ ትኑር ባይ ነኝ። ሰው የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። ነጭ ኮን ብቻ ብታሳዪው «እና ምን ላድርግ?» ነው የሚልሽ።

ሳሮን፦ መስመሯን ስታሳየውስ? ፎርት ማየርስ ይሄዳል!

ብሩክ፦ የላክሽው አንቺ ነሽ፣ መስመሯ አይደለችም።

ሳሮን፦ ... እሺ፣ እሱን ተቀብያለሁ። ግማሹን። ግን 2004 ላይ ሀሪኬን ቻርሊም እንዲሁ ነው የሆነው። ሁሉም ታምፓን ሲጠብቅ እሱ ታጥፎ ፑንታ ጎርዳ የምትባለውን የፍሎሪዳ ከተማ መታ። ፑንታ ጎርዳ ኮኑ ውስጥ ነበረች! የሰው ዓይን ግን መስመሯ ላይ።

ብሩክ፦ ወደ ማስታወሻሽ፣ እባክሽ።

ሳሮን፦ እሺ። ኦገስት 2024 ላይ ማዕከሉ በሙከራ ያወጣው ካርታ አለ። ከዚያ በፊት ኮኑ ላይ ማስጠንቀቂያው የሚቀባው የባህር ዳርቻውን ብቻ ነበር። በዚህኛው ወደ መሃል አገር ያለውም ቀለም አለው። በወሩ ሀሪኬን ሄለን መጣች፣ ከባህሩ ርቀው ያሉትን የጆርጂያና የሰሜን ካሮላይና አካባቢዎች ጎዳች።

ብሩክ፦ እኔ የምወደው የነፋስ መድረሻ ሰዓቱን ነው። የት ይገባል ሳይሆን ኃይለኛው ነፋስ እኔ ጋ መቼ ይጀምራል? ከዚያ ሰዓት በኋላ መስኮት ላይ እንጨት መምታት የለም፣ መኪና ማስነሳት የለም።

ሳሮን፦ እሱን እኔም እወደዋለሁ። አሁን ደግሞ ጉግል ዲፕማይንድ፣ የጉግል የሰው ሰራሽ አስተውሎት ክፍል። ጁን 2025 ላይ ዌዘር ላብ የሚል ድረ ገጽ ከፈቱ። ሞዴሉ፣ ማለት የሚተነብየው ፕሮግራም፣ ለአንድ ማዕበል ሃምሳ የተለያየ መንገድ ያወጣል፣ እስከ 15 ቀን ድረስ።

ብሩክ፦ ቆይ ቆይ። አንዷን መስመር አጥፉልኝ ስትዪ ቆይተሽ አሁን ሃምሳ መስመር?

ሳሮን፦ (ሳቅ) ስማኝ! አንድ ስትሆን ታምናታለህ። ሃምሳ ሲሆኑ ተበታትነው ታያለህ። የኢያን ኮን ስፋቱ ከዚያ ዓመት የአትላንቲክ ማዕበሎች ሁሉ ጋር አንድ ነበር፣ ካለፉት አምስት ዓመታት ስህተት ነዋ የተሰራው። ስለ ኢያን ስለራሱ ግራ መጋባት የሚነግርህ ነገር የለም። እነዚህ ሃምሳዎቹ ግን ስለዚሁ ማዕበል ናቸው። ከተሰበሰቡ ነገሩ ግልጽ ነው። ከተበተኑ ማንም አያውቅም ማለት ነው።

ብሩክ፦ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ በድንጋጤ ሃምሳ መስመር የሚያነብ ሰው የለም።

ሳሮን፦ እኔ አነባለሁ።

ብሩክ፦ አንቺማ ከድጡ ወደ ማጡ ነሽ።

ሳሮን፦ መንገዱ ብቻ እኮ አይደለም። ሀሪኬን ኦቲስን አስታውስ፣ ኦክቶበር 2023፣ ሜክሲኮ። በአንድ ቀን ውስጥ ከተራ ማዕበል ተነስቶ ምድብ 5፣ የመጨረሻው ከባድ ደረጃ፣ ሆነ። አብዛኞቹ ሞዴሎች አላዩትም። የአካፑልኮ ከተማ ሕዝብ በተኛበት ገባ። ስለዚህ አሁን ጉልበቱንም የሚተነብዩትን ነው የምፈልገው። አዲሱ የጉግል ሞዴልም ይሞክረዋል።

ብሩክ፦ ሃምሳ መስመር ላይ ግን አልተስማማንም።

ሳሮን፦ አልተስማማንም። ያለ መስመር ኮን ላይስ?

ብሩክ፦ አስብበታለሁ። እሺ፣ የመጨረሻ ጥያቄ። የአክስትሽ ልጅ አሁንም ይጠይቅሻል?

ሳሮን፦ ኧረ! ራሱ ሁለት አፕ አውርዷል።

ብሩክ፦ ሁለቱ ካልተስማሙስ?

ሳሮን፦ እኔ ጋ ይደውላል።

ብሩክ፦ ከዛስ?

ሳሮን፦ አላነሳም።