የደምበጉናዋን ታንክ በጠረጴዛ ላይ ስንመረምራት

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ ሞዴል ሠሪ ወገኖቼ፣ የታሪክ መምህራን፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ወላጆች፤ እንደምን አመሻችሁ።

አዘጋጆቹ አንድ የፕላስቲክ ሞዴል መርጠህ ገምግምልን ሲሉኝ ለምርጫው ብዙ አልተቸገርኩም። የጀርመኑ ታይገርና የሶቪየቱ ቲ 34 ገምጋሚ አጥተው አያውቁም። እኔ ይዤ የቀረብኩት ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ስትወር ይዛው የመጣችውን ትንሹን ታንክ፣ ኤል 3ን ነው። ሞዴሉን በ1/35 መጠን፣ ማለትም ከእውነተኛው 35 ጊዜ አሳንሶ ያወጣው ብሮንኮ የተባለው የቻይና ኩባንያ ሲሆን የ33ቱንም የ35ቱንም ዓይነት (እ.ኤ.አ. የ1933ቱንና የ1935ቱን ማለት ነው) ሠርቷል። አያቶቻችን ፊት ለፊት የገጠሙትን መኪና እኛ በደንብ ካልመረመርነው ማን እንዲመረምርልን እንጠብቃለን?

ስለ መኪናው ጥቂት ልበል። መነሻው ካርደን ሎይድ የሚባለው የእንግሊዝ ትንሽ ታንክ ነው። ጣሊያኖች ንድፉን ወስደው አሻሻሉት፤ አካሉን አንሳልዶ፣ ሞተሩን ፊያት ሠሩ። ክብደቱ 3 ቶን ተኩል እንኳ አይሞላም። ሁለት ሰው ብቻ ይይዛል፤ ሹፌሩ በቀኝ፣ ተኳሹ በግራ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ይቀመጣሉ። ሞተሩ 43 የፈረስ ጉልበት ነው። የፊቱ ብረት ውፍረት 14 ሚሊ ሜትር ሲሆን ጎንና ጎኑ ከዚያም ይሳሳል።

እንግዲህ ወደ ልኩ እንምጣ። እውነተኛው ርዝመቱ 3 ሜትር ከ17 ሳንቲም ገደማ፣ ስፋቱ 1 ሜትር ከ40 ነው። ለ35 ስናካፍለው ርዝመቱ 9 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 4 ሳንቲ ሜትር ይመጣል፤ መዳፍ ላይ ተቀምጦ ቦታ ይተርፈዋል። (ይህ 1/35 የሚባለው መጠን ራሱ ከጦር ሠራዊት የመጣ አይደለም። የጃፓኑ ታሚያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የፓንተር ታንክን ሞዴል ሲሠራ ሞተርና ባትሪ ውስጡ እንዲገባለት የመረጠው ነው፤ ሌላው ሁሉ ተከተለው።) አጠገቡ የሚቆም ወታደር ቁመቱ 5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የታንኩ ጣሪያ ደግሞ ከወታደሩ ደረት ብዙም አያልፍም። ይህን ልብ በሉልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ። ሞዴል ስትገመግሙ ከሁሉ በፊት ካሊፐር (ውፍረትና ርዝመት በትክክል የሚለካ መሣሪያ) አንሡ፤ ዋናው ልክ ከተበላሸ የቀረው ጌጥ አያድነውም። የብሮንኮው ሞዴል በዚህ በኩል አላሳፈረኝም።

ቀጥሎ የማየው ፊቱን ነው። ኤል 3 የሚዞር ጭንቅላት የለውም። መትረየሱ በግራ በኩል ከፊት ሳጥኑ ላይ ተተክሏል፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚንቀሳቀሰው በጠባብ ማዕዘን ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ለመተኮስ ሹፌሩ መኪናውን በሙሉ ማዞር አለበት። ስለዚህ ሞዴሉ ይህንን ጠባብነት በትክክል ካላሳየ፣ ማለትም የመትረየሱ መቀመጫ ከልኩ ከሰፋ ወይም የሹፌሩ መመልከቻ ከልኩ ከተለቀ፣ እኔ ዘንድ ወድቋል። ለምን እንዲህ እንደምጨክን ልንገራችሁ።

ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. የራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጦር ተከዜን ተሻግሮ ደምበጉና በር ወደሚባለው የተራራ መተላለፊያ ገሰገሰ። መንገዱን ለማስከፈት የጣሊያን አዛዥ እነዚህን ታንኮች ላከ። ቦታው ድንጋያማና ጠባብ ነው፤ ታንኩ እንደ ልቡ ዞሮ የሚተኩስበት ሜዳ አልነበረም። ታሪኩን የጻፉት እንደሚነግሩን ወታደሮቻችን መትረየሱ ከማይደርስበት ከኋላና ከጎን ተጠግተው ላዩ ላይ ወጡበት። ታንኮቹ ጥቂቶቹ ተሰባበሩ፣ ጥቂቶቹም ተማረኩ። ጣሪያው ደረት ድረስ ብቻ መሆኑን ቅድም ልብ በሉልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው፤ በጀግንነት ላይ የመኪናውን ድክመት በዓይን አይቶ መረዳት ታክሎበታል። ሞዴሉን አዙራችሁ ከኋላ ስታዩት ያ ተዋጊ ያየውን ታያላችሁ፦ አንድም መሣሪያ የሌለበት ጀርባና የሞተር መክደኛ። አንድ ተማሪ ይህን በእጁ ይዞ ሲያዞረው የሚገባውን ያህል ከገጽ ላይ አንብቦ የሚገባው አይመስለኝም።

ጦርነቱን የወሰነው ግን ታንክ አልነበረም። ከደምበጉና በኋላ ባሉት ቀናት ጠላት ያንኑ የራስ እምሩን ጦር በተከዜ ዳርቻ ከአውሮፕላን በመርዝ ጋዝ መታው። ይህን ሳይናገሩ ስለ ታንኩ ብቻ ማውራት ታሪኩን ማጉደል ነው።

ወደ ጠረጴዛችን እንመለስ። ማጉያ መነጽር ይዛችሁ የብረቱን መጋጠሚያዎች እዩ። የመጀመሪያዎቹ 33ቶች አንድ 6.5 ሚሊ ሜትር መትረየስ ነበራቸው፤ ኋላ ላይ ጥንድ 8 ሚሊ ሜትር ገባ። በ35ቱ ደግሞ ብረቶቹ በአመዛኙ በቡሎን የታሰሩ ናቸው። ስለዚህ የቡሎን ራሶቹ ረድፍ ለዓይን ማማሪያ የተደረደረ አይደለም፤ የትኛው ዓይነት እንደሆነ የምንለይበት ምልክት ነው። አንዱን ራስ በብርጭቆ ወረቀት ፍቃችሁ ካጠፋችሁት ክፍተቱ ወዲያው ያስታውቃል፤ ከሌላ ትርፍ ቁራጭ ላይ በምላጭ ላጥ አድርጋችሁ በቦታው መልሱት። በመጋጠሚያዎቹ አካባቢ ስቱኮ የምትቀቡም በጥርስ መፋቂያ ጫፍ ያህል ብቻ ይሁን፤ ከበዛ ቡሎኖቹን ይውጣቸዋል።

ፕላስቲክ አቅሙ የሚያበቃበት ቦታም አለ። 14 ሚሊ ሜትር ብረት ለ35 ሲካፈል 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። በቅርጽ ማውጫ የሚፈስ ፕላስቲክ ይህን ያህል ሳስቶ ጠንካራ ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህ የጣሪያው መክደኛ ክፍት ሆኖ ሲለጠፍ ከእውነተኛው የወፈረ ይመስላል። መክደኛውን ዝጉት፣ ወይም ጠርዙን ከውስጥ በኩል ሳሳ አድርጉት። አብሮት የሚመጣው ስስ የብረት ሉህ ለሌሎቹ ትንንሽ ነገሮች ይህን ችግር ያቃልላል፤ ዋጋውን የምከፍለው አንዱም ለእሱ ነው።

አሁን ቅሬታዬን ልናገር፤ እሱም ሰንሰለቱ ነው። ብሮንኮ እያንዳንዱን የሰንሰለት ቁራጭ ለየብቻ ቀርጿል። ተሠርቶ ሲያልቅ የሚያምር ነው፤ ሰንሰለቱ እንደ እውነተኛው ረገብ ይላል። ግን ቁራጮቹ ከሩዝ ፍሬ ብዙም አይበልጡም፤ ቁጥራቸውም ብዙ ነው። ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የመጀመሪያ ሞዴል አድርጋችሁ ብትሰጡት ሰንሰለቱ ላይ ደርሶ ሳጥኑን ይዘጋዋል፤ ምናልባትም ዳግመኛ አይከፍተውም። ወላጆች፣ እባካችሁ ይህን አብራችሁት ሥሩ፤ ወይም ሰንሰለቱ አንድ ወጥ የሆነ ሌላ ሞዴል አስቀድማችሁ ስጡት።

በቀለም ላይ አልጨክንም። የዘመኑ ፎቶግራፎች ጥቁርና ነጭ ናቸው፤ በእነሱ ብቻ የቀለሙን ዓይነት በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። የምጨክነው በተለጣፊ ምልክቶች ላይ ነው። ኤል 3 በስፔን፣ በሊቢያ፣ በአልባኒያም ዘምቷል። የስፔን ክፍለ ጦር ምልክት ለጥፎ «ደምበጉና 1928» ብሎ የሚጽፍ ሰው የሁለቱንም አገር ሙታን ያምታታል። የሳጥኑን ሥዕል አትመኑ፤ ፎቶግራፍ ፈልጉ።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። በልክና በቅርጽ ከፍተኛ ነጥብ እሰጠዋለሁ፤ በመጋጠም ደህና ነው፤ ለጀማሪ ግን አልመክረውም። ሦስትና አራት ሞዴል የሠራ ሰው ግን ያለ ጥርጥር ይግዛው። ሲሠራው ደግሞ ብቻውን አያቁመው፤ 5 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያላቸውን ተዋጊዎች ከኋላው፣ በትክክለኛው ርቀትና ከፍታ ያቁምለት። በገበያ የሚገኙት ምስሎች በአብዛኛው የአውሮፓ ወታደሮች ስለሆኑ ጥብቆውን፣ ሱሪውንና ነጠላውን እኛው መቅረጽ ይኖርብናል። ከእናንተ መካከል ከአያቱ የወረሰው የዚያ ዘመን ፎቶግራፍ ያለው ካለ፣ አለባበሱንና ትጥቁን በትክክል እንድንቀርጸው ቅጂውን ያሳየን። ከንግግሩ በኋላ በስተግራ ካለው ጠረጴዛ አጠገብ እገኛለሁ፤ ካሊፐሩና ማጉያ መነጽሩም እዚያው ናቸው።

አመሰግናለሁ።