ራጅና የጋማ ጨረር የሚወለዱት የት ነው?

[ምስል፦ ሐረር፣ ጁገል ውስጥ። ካሜራው ከደጃፍ ገብቶ ነደባዎቹን ያሳያል።]

የሐረሪ ቤት የገባ ሰው ነደባን ያውቃል። መቀመጫው ከፍና ዝቅ ያለ ነው፤ የትኛው የማን እንደሆነም የታወቀ ነው። አቶም ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖችም እንዲሁ በየደረጃቸው ነው ያሉት። ልዩነቱ፣ በሁለት ነደባ መካከል መንጠልጠል ፈጽሞ አይቻልም።

[ምስል፦ የራጅ ቱቦ ሥዕል።]

የራጅ ቱቦ ውስጥ አየር የለም። በአንድ ጫፍ የጋለ ፊላመንት ኤሌክትሮን ይለቃል፤ በሌላው ጫፍ አኖድ የሚባለው የቱንግስተን ሰሌዳ ይቀበላል። ባለሙያው 80 ኪሎቮልት ሲሞላ፣ ኤሌክትሮኑ እስከ 80 ኪሎ ኤሌክትሮንቮልት ጉልበት ይዞ ይመታል። ከዚህ 99 በመቶ ገደማው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ቱንግስተን የተመረጠበት አንዱ ምክንያት 3,422 ዲግሪ ሴልሺየስ ካልደረሰ ስለማይቀልጥ ነው። እንዲያም ሆኖ ሳያሳርፉ ደጋግመው ካነሱበት የአኖዱ ፊት ይሻክራል፤ ያኔ በዚያው ሙሊት የሚወጣው ጨረር ያንሳል።

ከጨረሩ የሚበዛው ኤሌክትሮኑ ኒውክለስ (የአቶሙ እምብርት) አጠገብ ሲደርስ ፍሬን እንደያዘ መኪና ፍጥነቱ ሲቀንስ የሚወጣው ነው። ጉልበቱ ከ80 አይበልጥ እንጂ የተወሰነ ልክ የለውም። ሁለተኛው መንገድ የነደባው ነው። መጪው ኤሌክትሮን የውስጠኛውን አስነስቶ ያባርራል፤ ከበላዩ ያለው በቦታው ይወርዳል። ኤሌክትሮኑን ከቱንግስተን የመጀመሪያ መቀመጫ ለማስነሳት 69.5፣ ከሁለተኛው 10.2 ኪሎ ኤሌክትሮንቮልት ያስፈልጋል። ሲቀናነስ 59.3፤ የሚወጣው ራጅ ልክ ይህን ያህላል። ለእጅ ራጅ 55 ኪሎቮልት ከተሞላ ግን ይህ የ59.3 ራጅ ጨርሶ አይታይም፤ 69.5 የማይሞላ ኤሌክትሮን የውስጠኛውን ማስነሳት አይችልም።

መብራት ሲቋረጥ ራጁም ያኔውኑ ያልቃል። ግድግዳው ላይም ሆነ ታካሚው ላይ የሚቀር ነገር የለም።

[ምስል፦ በእርሳስ የተከለለ ትንሽ የሲዚየም 137 ምንጭ፣ አጠገቡ የጨረር መለኪያ።]

ጋማ የሚወጣው ከኒውክለሱ ነው። ኒውክለስም የራሱ ደረጃዎች አሉት፤ ከከፍታው ሲወርድ ትርፉን በጋማ ይለቃል። «የሲዚየም ጋማ» ሲባል ትሰማላችሁ፣ አባባሉ ግን ያሳስታል። ሲዚየም ቤታ (ከኒውክለሱ የሚወጣ ኤሌክትሮን) ለቆ ባሪየም ይሆናል፤ 662 ኪሎ ኤሌክትሮንቮልት የሚለቀው ገና ያልተረጋጋው ባሪየም ነው። የዚህ ባሪየም ግማሽ ዕድሜ (ግማሹ የሚለወጥበት ጊዜ) 2.55 ደቂቃ ብቻ ሲሆን የሲዚየሙ 30 ዓመት ነው። ስለዚህ ምንጩ ቶሎ አይነጥፍም፤ ማጥፊያም የለውም።

[መለኪያው ስክሪን ላይ ጠጋ ይባል።]

እዚህ ጋ፣ 32 ኪሎ ኤሌክትሮንቮልት ላይ፣ ትንሽ ጉብታ አለች። የመሣሪያ ብልሽት አይደለችም። አንዳንዱ ባሪየም ትርፉን ጋማ አድርጎ በመልቀቅ ፋንታ ለገዛ ኤሌክትሮኑ ሰጥቶ ያባርረዋል። የውስጡ ነደባ ባዶ ሲሆን ከላይ ያለው ይወርዳል፤ ራጅ ይወጣል። ከአንድ ምንጭ ሁለቱም ማለት ነው።

[ምስል፦ ደከታ ሸለቆ፣ ተደራርበው የቆሙት ድንጋዮች።]

ከሐረር ወደ ጅጅጋ ሲኬድ፣ ባቢሌን አለፍ ብሎ ያሉት እነዚህ ግራናይቶች ፖታሲየም አለባቸው። ከፖታሲየሙ 0.0117 በመቶው ጨረር የሚለቀው ፖታሲየም 40 ነው። ከሚፈርሰው መቶ አሥራ አንድ ያህሉ የራሱን የውስጥ ኤሌክትሮን ውጦ አርጎን ይሆናል፤ አብዛኛውን ጊዜም 1,460 ኪሎ ኤሌክትሮንቮልት ጋማ ይለቃል። የተዋጠውም መቀመጫ ባዶ ስለሚሆን ራጅ ሊከተል ይችላል። ግን 3 ኪሎ ኤሌክትሮንቮልት ገደማ ብቻ ስለሆነ እዚያው ድንጋዩ ውስጥ ይቀራል። መለኪያችን የሚቆጥረው ጋማውን ነው፣ እሱም በአብዛኛው ከገጹ አንድ ስንዝር ገደማ ጥልቀት የሚመጣውን።