«ካንሰር ነው ወይ?» ብቻ አትበሉ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የያዝኩት ወሬም ከበድ ይላል። ስለ ጭንቅላት ዕጢ ነው።

ቤት ውስጥ «ዕጢ ተገኘ» ሲባል ሁላችንም የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። «ካንሰር ነው ወይስ አይደለም?» አይደለም ከተባለ እልልታ፣ ነው ከተባለ ለቅሶ። ጭንቅላት ላይ ግን ይህ ጥያቄ ብቻውን አይበቃም። «የት ቦታ ነው ያለው?» የሚለውም እኩል ይከብዳል። አንዳንዴ እንዲያውም ይብሳል።

የአክስቴን ነገር ልንገራችሁ። ፈቅዳልኛለች፤ «ስሜን ብቻ እንዳታነሺ» ብላ። ቡና ላይ ቀልድ የማታውቅ ሴት ናት። አንድ ፍሬ ከጠቆረ ለቅማ ትጥል ነበር። አንድ ሰሞን ግን ቡናው እያረረባት መጣ። ጭሱ ሳሎኑን ሞልቶት እሷ ምጣዱ ፊት ቁጭ ብላለች። «እትዬ፣ አረረ እኮ!» ስንላት ቀና ትልና «ይረር» ትላለች። ከዚያ ዕድሩን ተወችው። ነጠላዋ ቆሽሾ እንኳ ግድ አልሰጣት አለ። ግማሹ ዘመድ «ባሏ ከሞተ ወዲህ ነው፣ ሐዘን ነው» አለ። ግማሹ ዓይነ ጥላ ነው አለ። አንድ ክሊኒክ ሳይነስ ነው ብሎ መድኃኒት ሰጥቶ ሸኛት። ሲቲ ስካን የታዘዘላት መሬት ላይ ጥሎ ካንዘፈዘፋት በኋላ ነው። ኤም አር አይ ተከተለ።

ከአፍንጫዋ በላይ፣ ከግንባሯ ኋላ፣ ሜኒንጂዮማ የሚባል ዕጢ ነበር። ይሄ ከራሱ ከአንጎሉ አይነሳም። አንጎልን ከሸፈነው ሽፋን ነው የሚበቅለው። አብዛኛው ካንሰር አይደለም። ቀስ ብሎ፣ ዓመታት ወስዶ ያድጋል። ሴቶች ላይ ይበዛል። የእሷ የማሽተት ነርቭ ላይ ነው የተቀመጠው፤ ለዚህ ነው ጭሱ ያልሸተታት። እያደገ ሲሄድ ደግሞ የፊተኛውን አንጎል ተጫነው። ነገር የሚያሳስበን፣ «ሰው ምን ይለኛል» የሚያሰኘን ክፍል ማለት ነው። «ይረር» ያሰኛትም እሱ ነው።

አያችሁ፣ ራስ ቅል አጥንት ነው፣ አይለጠጥም። ካንሰር ሆነም አልሆነም ውስጡ የሚያድግ ነገር ቦታ የሚያገኘው አንጎሉን ገፍቶ ነው። ጠዋት ጠዋት የሚብስ ራስ ምታት፣ ትውከት፣ የዓይን መደብዘዝ፣ የአንድ ወገን እጅና እግር መዛል የሚመጣው ከዚህ ነው። በጉልምስና ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጥል ነገር ከመጣ ያለ ምርመራ መታለፍ የለበትም። ራሱን ያመመው ሁሉ ዕጢ አለበት ማለቴ ግን አይደለም። እንደዛ ቢሆን ሜክሲኮ አደባባይ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ተረኛ ነበር።

ሐኪሞቹ መጀመሪያ ዴክሳሜታዞን ጀመሩላት። በቀናት ውስጥ ሌላ ሰው ሆነች። መብላት፣ ማውራት፣ ሌሊት ተነስታ ቁም ሳጥን ማስተካከል! አንድ አጎታችን «ድናለች እኮ፣ ለምን ጭንቅላቷ ይከፈታል?» ብሎ ቤቱን አናወጠው። መድኃኒቱ ግን የሚቀንሰው በዕጢው ዙሪያ ያለውን እብጠት ነው። ሜኒንጂዮማውን ከቦታው አያነሳውም። የምግብ ፍላጎቱና እንቅልፍ ማጣቱም የመድኃኒቱ ነው። ስኳርም ከፍ ያደርጋል። ተሻለኝ ብሎ በድንገት ማቆም ደግሞ አደገኛ ነው፤ ሐኪም ነው ቀስ በቀስ የሚቀንሰው።

ኦፕራሲዮን ሆነች። የቀደዷት ሐኪም እዚሁ አገር የሰለጠኑ ናቸው። ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ በርገን ጋር ሆኖ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ሥልጠና የጀመረው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ሙያውን የፈለገ ሐኪም ውጭ መሄድ ነበረበት።

ዕጢው ወጣ፣ በላብራቶሪ ሲመረመር (ፓቶሎጂ የሚሉት) ደረጃ አንድ ተባለ። ማሽተቷ አልተመለሰም። ቡናውን አሁን በዓይኗ ነው የምትቆላው። ዕድሩ ላይ ግን ተመልሳ መጨቃጨቅ ጀምራለች፣ ተመስገን!

ደረጃው ከአንድ እስከ አራት ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ክፋቱም ይጨምራል። አራተኛው ላይ ግሊዮብላስቶማ የሚባል የአንጎል ካንሰር አለ። እሱ እንደ ሜኒንጂዮማ ለብቻው የተቀመጠ አይደለም፣ ጤናማው አንጎል ውስጥ ሥር ይሰዳል። የሚታየው ሁሉ ቢወጣ እንኳ የማይታይ ይቀራል። ስለዚህ ለስድስት ሳምንት ያህል ጨረር ከቴሞዞሎማይድ ክኒን ጋር ይሰጣል፣ ከዚያም ክኒኑ ይቀጥላል። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት ያሳየው ጨረሩ ላይ ክኒኑ ሲጨመር ታማሚዎቹ በሕይወት የሚቆዩበት አማካይ ጊዜ ከ12 ወር ወደ 14.6 ወር ከፍ እንዳለ ነው። ትንሽ ትመስላለች። ልጁ የሚመረቅበትን ወር ለሚቆጥር አባት ግን ትንሽ አይደለችም። እኛ አገር ለብዙ ዓመታት ጨረር ያለው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። እንዲህ ላለ በሽታ ወረፋ ራሱ ሌላ በሽታ ነው።

በሌላ በኩል ፒቱታሪ ላይ፣ ማለትም ከአንጎል ሥር ሆርሞን የሚያመነጨው የሰውነት ክፍል ላይ፣ ከሚነሱት ዕጢዎች አንዳንዶቹ በክኒን ብቻ ይሟሽሻሉ። ሌሎቹ በአፍንጫ በኩል ይወጣሉ፣ ራስ ቅል ሳይከፈት። ካንሰር ያልሆነው ደግሞ የአንጎል ግንድ ላይ ከተጣበቀ፣ ጎበዝ ሐኪም እንኳ ሙሉ በሙሉ ላያወጣው ይችላል።

እና ሐኪም ፊት ስትቀመጡ ስሙን ብቻ ሰምታችሁ አትነሱ። የት ነው? ምን ያህሉ ይወጣል? የቀረውስ ምን ይደረጋል? ብላችሁ ጠይቁ። ጸበል የምትሄዱም ሂዱ፣ የሚጥል በሽታ ክኒኑን ግን አብራችሁ ያዙ፤ በድንገት ሲቋረጥ ብሶ ነው የሚመጣው።

ኤም አር አይ ስትነሱ ደግሞ ወረቀቱን ብቻ ተቀብላችሁ አትውጡ። ሲዲውንም ጠይቁ። ቀዶ ሐኪሙ ምስሉን በራሱ ዓይን ማየት ይፈልጋል። ሪፈር በተባላችሁ ቁጥር ሲዲው አብሯችሁ ይሂድ፣ ኮፒውም ቤት ይቀመጥ።