ቀጭ!

እንዴት ሰነበታችሁ። የምትሰሙት ባጃጅ ነው፤ ሐዋሳ ነን፣ ታውቁታላችሁ፣ አላጠፋውም።

ያ ፀጉር ቤት ውስጥ የሆነው ነገር አልወጣልኝም። የባጃጅ ሹፌሩ ተላጭቶ ጨርሷል። ፀጉር አስተካካዩ ትከሻውን አሸት አሸት አደረገለት፤ እስከዚህ ጥሩ። «ጅማትህ ታስሯል» አለና አንድ እጁን አገጩ ላይ፣ ሌላውን ከማጅራቱ ከፍ አድርጎ… «ዘና በል ወንድሜ»፣ አንገቱን ጠምዘዝ፣ ቀጭ! በግራ። ልጁ «ውይ!» ብሎ ሳቀ። ቀጭ! በቀኝ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ።

የረበሸኝ ሳቁ ነው። እውነት ቀሎታላ! ድምፁ ግን አጥንት ቦታው ሲገባ አይደለም፤ መገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ የሚፈጠር የጋዝ አረፋ ነው። ለጊዜው ያላላል። ነገር ግን በአንገት አጥንቶች ቀዳዳ አልፈው ለአንጎል ደም የሚያደርሱ ሁለት የደም ሥሮች አሉ። አንገት በድንገት ሲጠመዘዝ ውስጠኛው ግድግዳቸው ሊሰነጠቅ፣ ደም ሊረጋ፣ ስትሮክ ሊመጣ ይችላል። ብርቅ ነው። ብርቅ ነው እላለሁ፣ ግን እጁ አገጩ ላይ… እሺ።

ልጁ ያመኛል ያለው የት ነው? የትከሻ አጥንቱ የላይኛው የውስጥ ጫፍ ላይ። እዚያ የሚያርፈው ጡንቻ ከላይኞቹ 4 የአንገት አጥንቶች ይነሳል። ከመናኸሪያ አሞራ ገደል ሲመላለስ አንገቱ ወደ ፊት ወጥቶ ይውላል፤ 5 ኪሎ የሚጠጋ ጭንቅላት ከሚሸከሙት አንዱ እሱ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርክ ስፌት መኪና ላይ ለሚጎነበሱትም ያው። ጡንቻው ደክሟል። እኛ «ብርድ ነው» ብለን ሻርፕ እንጠመጥማለን።

የሚያመው ቀኝ ከሆነ፣ ትከሻው እንዳይነሳ ቀኝ እጁ ላይ ይቀመጥበት። ፊቱን 45 ዲግሪ ወደ ግራ አዙሮ ወደ ግራ ብብቱ ይይ። ግራ እጁን ከአናቱ ኋላ ያሳርፍ፤ ክብደቱ ይበቃል። 30 ሰከንድ፣ ሦስቴ። ሰው የሚያበላሸው እዚህ ነው፦ ይጎትታል። ሲጎተት ጡንቻው ይኮማተራል፣ ማታ ይብስበታል። ፊት ሳያዞሩ ጆሮን ወደ ትከሻ ማዘንበልም በዋናነት ሌላ ጡንቻ ነው የሚስበው።

ተሳፋሪ ሲጠብቅ ደግሞ አገጩን ሳያቀረቅር ቀጥ አድርጎ ወደ ኋላ ይሳብ፤ 5 ሰከንድ፣ 10 ጊዜ። ማታ ሞቅ ያለ ፎጣ፣ 15 ደቂቃ። ትልቁ ሥራ ግን ማጠንከር ነው፦ ውሃ የሞላ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ በየእጁ ይዞ ትከሻን ወደ ጆሮ ቀስ ብሎ ማንሳት፣ ቀስ ብሎ ማውረድ። 12 ጊዜ፣ በሳምንት 3 ቀን።

የሁለት ትራስ ማኅበር አባላት፣ አትሳቁ፣ ወደ እናንተም እየመጣሁ ነው። በጎን ለሚተኛ ትራስ ከጆሮ እስከ ትከሻ ጫፍ ያለውን ክፍተት ይሙላ፣ በቃ። ሁለተኛው ለምን እንደሆነ… ተዉት።

እጅ ከደነዘዘ፣ ዕቃ መያዝ ካቃተ፣ ትኩሳት ካለ ወይም ከአደጋ በኋላ ከጀመረ፣ ሐኪም ጋ ነው። ወጌሻ ጋ አይደለም።

ግን ይህን ሁሉ ለልጁ ንገሩት እስቲ። በሁለት ቀጭታ የቀለለው ሰው ለሃይላንድ ስንት ሳምንት ይታገሣል? ፀጉር አስተካካዩንም ክፉ ማድረግ አልፈልግም፤ ማሸቱ ጥሩ ነበር፣ እውነት። እዚያ ላይ ቢያቆም… ወይ ልጁ «አንገቴን ተው» ቢል። አገጭህ ተይዞ፣ ሰው ሁሉ እያየህ፣ እንዴት ተደርጎ ነው ግን… እንጃ።